አባ ጠብታ እና ከውሃ የተወለደው ነዳጅ

ልጆቼ፣ ዕውቀት እንግዳ ነው። በር ሲያንኳኳ ውሻ የሚለቅበት አለ፤ ወንበር የሚስብለትም አለ። የዛሬው ጨዋታዬ ውሻ ሊለቁ ወጥተው ወንበር ስበው ስለተመለሱ አንድ ሰው ነው። ቀረብ በሉና ስሙኝ።

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን ነዳጅ ቀጂ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ባልደረቦቻቸው «አባ ጠብታ» ይሏቸዋል፤ ስሙም የወጣላቸው ያለ ነገር አይደለም። ማንኛውንም አውሮፕላን ከመሙላታቸው በፊት ከነዳጅ መኪናው ታንከር ግርጌ ጥቂት በጠርሙስ ይቀዳሉ፤ ጠርሙሱን አሽከርክረው ወደ ብርሃን ያነሳሉ፤ ከታች አንዲት የውሃ ጠብታ ተንከባላ ካዩ «አይሞላም» ይላሉ። ፓይለት ቢቆጣ፣ አለቃ ቢጮህ፣ መንገደኛ ቢያጉረመርም ጆሮ ዳባ ልበስ! ውሃ ከፍታ ላይ ሲደርስ በረዶ ይሠራል፤ በረዶው የነዳጁን መንገድ ይዘጋል፤ ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ጉሮሮው ሲታነቅ ዝም ይላል። በሰማይ ላይ ዝም ያለ ሞተር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እኚህ ሰው አንድ ቀን ቀትር ላይ የኮታቸውን የደረት ኪስ በፖስታ፣ የእጃቸውን ቦርሳ በፎጣ በተጠቀለለ አሮጌ ጠርሙሳቸው ሞልተው ወደ ቴክኒክ ኮሌጁ ሄዱ። በፖስታው ውስጥ ያለው ደብዳቤ አጭር ነው። «ልጄን ከዚህ ክፍል አስወጡልኝ» ይላል። የመጨረሻ ልጃቸው ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷን ሳታማክር አዲስ በተከፈተው «የኑክሌር ሙቀትና የአውሮፕላን ነዳጅ» ክፍል ተመዘገበች። ይህን የሰሙ ቀን በቤቱ ውስጥ ሰማይና ምድር ተገናኘ። ከዚያ ወዲህ፣ ሳምንቱን ሙሉ፣ አባትና ልጅ የተነጋገሩት «እሺ» እና «አይ» በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነበር። ምዝገባ የሚሰረዘው እስከዚያን ቀን ማታ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው የነዳጅ ማደያ አለቃ ደግሞ ለልጅቷ አንድ የቀጂነት ቦታ ይዞላቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጠብቃቸዋል። አሮጌውን ጠርሙስ ይዘው የወጡትም በዚያው ለልጃቸው ሊያስረክቧት ነው። ዕቅዱ የተጠናቀቀ ነበር።

የሬጅስትራሩ መስኮት ግን ተዘግቷል። «ለምሳ ወጥተናል፤ በስምንት ሰዓት እንመለሳለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ገና ሰባት ሰዓት ነው። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ጣቶቿ በቅባት የጠቆሩ ወጣት ሴት ዳቦ በእንቁላል ትበላለች።

«ይቀመጡ አባባ፤ ወንበሩ ለሁለታችን ይበቃል» ብላ ጠጋ አለች።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። እዚህ ቤት ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ነው እንዴ የሚርበው?»

«ሆድም የመንግሥት ሠራተኛ ነው አባባ፤ ሰዓቱን ያከብራል።»

አባ ጠብታ ላለመሳቅ ታገሉ፤ አልቻሉም። «አንቺስ ጽዳት ነሽ ጥገና?»

«ሁለቱንም እሠራለሁ» አለች። አልዋሸችም፤ የምትሠራበትን ክፍል የምትጠርገውም የምትጠግነውም ራሷ ነበረች። «እርስዎስ? ምን እግር ጣለዎት?»

«ልጄን ከእሳት ላወጣ።»

«ከየትኛው እሳት?»

«ከአቶሙ።»

ሴትየዋ ማኘኳን አቆመች። «አቶም ምን በደለዎት?»

«እኔንማ ምን ይበድለኛል፤ ከተማ ነው እንጂ የበላው! ወጣት ሆኜ ሲኒማ ቤት ገብቼ ያንን የአቶም ቦምቡን ፊልም አየሁ። ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ያን ጊዜ በልቤ ማልኩ፤ ይህ ነገር በደጄ አያልፍም አልኩ። አሁን ልጄ ራሷ ሄዳ በር ትከፍትለታለች! ደግሞ አውሮፕላን ላይ ሊጭኑት ነው አሉ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ክንፍ ሥር የቆምኩ ሰው ነኝ ልጄ። አውሮፕላን አይወድቅም ብሎ የሚምልልሽ ካጋጠመሽ፣ እሱ አብራሪ ሳይሆን ትኬት ሻጭ ነው።»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አዛውንት ሲፈራ «አላዋቂ ነው» ብሎ ስለሚስቅ ነው። ይህች ሴት አልሳቀችም። ዳቦዋን በወረቀት ጠቅልላ ወደ እሳቸው ዞረች።

«እውነትዎን ነው አባባ» አለች። «በአያቶቻችን ዘመን ሁለት ታላላቅ መንግሥታት ሞክረውት ነበር። የአቶሙን ምድጃ፣ ማብላያ የምንለውን፣ አውሮፕላን ላይ ጭነው ሰማይ ላይ ለኩሰውታል። ክንፉን ያበረረው ግን ያው የለመዱት ነዳጅ ነበር፤ የአቶሙ ሙከራ ብቻ ነበር። አብራሪዎቹን ከጨረሩ ለመከለል የሚያስፈልገው እርሳስና ግድግዳ በጣም ከበደ። አውሮፕላን ሳይሆን የሚበር ምሽግ ሆነባቸው።»

«ታዲያ ምን አደረጉት?»

«ተዉት።»

«ብልሆች!» አሉና ጉልበታቸውን መቱ። «እንግዲያው ልጄ ብልሆች የተዉትን ልትማር ነው?»

«አይደለም። እስቲ ልጠይቅዎት፤ ዳቦ ጋጋሪ ለደንበኛው ዳቦ ሲያደርስ ምድጃውን ተሸክሞ ይሄዳል?»

«ምን ሲል!»

«ዳቦው ይሄዳል፤ ምድጃው ቤት ይቀራል። እኛም የያዝነው መንገድ ይኸው ነው። የአቶሙ ምድጃ መሬት ላይ፣ በወፍራም ግድግዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ አይበርም። በሙቀቱና በመብራቱ ነዳጅ እንጋግርበታለን። አውሮፕላኑ የሚጭነው የተጋገረውን ነዳጅ ብቻ ነው። በነዳጁ ውስጥ ደግሞ አቶሙ የለበትም፤ ዳቦ ውስጥ ፍሙ እንደሌለ ሁሉ።»

አባ ጠብታ አልተሸነፉም፤ የሚወረውሩት ድንጋይ ፈለጉ። አገኙትም። «ሊጥ የሌለው ጋጋሪ የለም። ነዳጅ የምትጋግሩት ከምንድን ነው?»

«ከአየርና ከውሃ።»

«ከምን?»

«ከውሃ።»

ልጆቼ፣ ለአናጢ ምስጥ ቤት ይሠራልሃል ብትሉት እንደዚያ አይደነግጥም። አባ ጠብታ ብድግ አሉ። «ከ ው ሃ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከነዳጅ ውስጥ ስለቅም የኖርኩትን ውሃ! አንቺ ልጅ፣ ዳቦሽን ብይ፤ ርሃብ እያናገረሽ ነው።»

«ይቀመጡ እንጂ አባባ፤ ውሃን እንዲህ የጠሉት ምን አይተው ነው?»

ተቀመጡ። ለብዙ ዓመታት ያላነሱትን ነገር ለማያውቋት ሴት ሊነግሯት ጀመሩ፤ አንዳንድ ጊዜ ለባዕድ ይቀላል።

«ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ነው። በጠርሙሴ ቀዳሁ፤ አሽከረከርኩ፤ ወደ ብርሃን አነሳሁ። ጥርት ያለ! ከታች አንድ ጠብታ የለም። ልፈርም ብዕሬን ሳነሳ ሽማግሌው አለቃዬ ከኋላዬ መጣና "ሁለተኛ ዓይን ሳያየው?" አለኝ። ከሚጠጣው ውሃ ጣቱን ነክሮ አንድ ጠብታ ጠርሙሱ ውስጥ ጣለ። ጠብታዋ ጠፋች። ገባሽ? ውሃ ነዳጅ ውስጥ ቢገባ ይለይ ነበር፤ ታች ወርዶ ዕንቁ ይሠራል። የጠፋችው ጠርሙሱ ሙሉ ውሃ ስለነበረ ነው። ውሃ ብቻውን ሲሆን ወሰን የለውማ! እኔ የአንድ ጠብታ ነውር ስፈልግ ጠርሙሱ በሞላው ነውር ሆኖ አለፈኝ። ስልሳ ሁለት ሰው ተሳፍሮ ነበር። ስልሳ ሁለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለብቻዬ ፈርሜ አላውቅም።»

በዚህ መሃል የጥበቃ ሠራተኛው ቁልፍ እያንኳኳ መጣ። «መምህርት፣ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ዛሬም በሩ ላይ ረስተውታል!»

አባ ጠብታ ቱታዋን፣ ቁልፉን፣ ፊቷን በየተራ አዩ። «መምህርት?»

«የዚያ የእሳቱ ክፍል መምህርት ነኝ» አለች አፍራ። «ልጅዎንም አውቃታለሁ። ሁልጊዜ "ማን አየው?" ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ናት። ዛሬ ገና ከየት እንዳመጣችው ገባኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፤ እኔ ጽዳት ነሽ ጥገና እያልኩ…»

«ኧረ አባባ! በአንቺ የጀመሩትን በእርስዎ አይጨርሱብኝ፤ አስረጁኝ እኮ። ይልቅ ሰዓት አለን፤ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት። ካላመኑ የምዝገባ መሰረዣውን ማኅተም ራሴ አስመታልዎታለሁ።»

ክፍሉ ሰፊ አልነበረም። መስኮቱ ሥር የሚያንጎራጉር የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፤ ከእሱ የሚወጡ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ግድግዳውን እንደ ሐረግ ተከትለው ይሄዳሉ። መምህርቷ እጇን እየዘረጋች አስረዳች።

«እዚህ ቤት አቶም የለም፤ አይስጉ። ይህ የኤሌክትሪክ ምድጃ የእሱን ቦታ ይዞ ይለማመዳል። እዚህ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፤ እዚህ በሙቀትና በኤሌክትሪክ ይሰነጠቅና ሃይድሮጅኑ ለብቻው ይወጣል። በዚህ በኩል ደግሞ ከመኪና ጭስና ከሰው ትንፋሽ ወጥቶ አየር ውስጥ የተበተነውን የተቃጠለ አየር እንሰበስባለን። ሁለቱ እዚያ ተጋብተው ነዳጅ ይወልዳሉ። አውሮፕላኑ ሲያቃጥለው የሚመለሰው ያው ከአየር የተበደርነው ነው።»

«ይህን ሁሉ ለማሞቅ ስንት እንጨት፣ ስንት ዘይት ይፈጃል?»

«እሱ ላይ ነው አቶሙ የሚመጣው። ትንሿን ጣትዎን ያሳዩኝ። የጣትዎን ጫፍ የምታክል አንዲት የዩራኒየም ፍሬ የምትሰጠው ሙቀት ወደ ሦስት በርሜል ዘይት ይጠጋል።»

አባ ጠብታ ጣታቸውን አዩት። ሦስት በርሜል ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አይደለም የሚያውቁት፤ በወጣትነታቸው በአስፋልት ላይ እየገፉ ወገባቸው ያወቀው ክብደት ነው። ያ ሁሉ እዚህች ላይ? ጣታቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱት፤ እንዳይሰበር የፈሩለት ይመስል።

«ሌላም አለ» አለች። «ቶሪየም የሚባል ማዕድን በዩራኒየም ፈንታ ለማንደድ የሚደክሙ አሉ። እንደ ፀሐይ አቶምን ከአቶም ለማዋሃድ የሚታገሉም አሉ፤ እሱ ገና ነው፤ ደረስን ብዬ አልዋሽዎትም። በራሱ የሚሞቅ ማዕድን ደግሞ አለ፤ ኃይሉ ትንሽ ነው፣ አውሮፕላን አያነሳም። ግን ከሰው እጅ ሥራ ሁሉ ርቀው ሄደው፣ ከፕላኔቶቹ ወዲያ ያለፉት መንኮራኩሮች በእሱ ሙቀት ነው ከዐርባ ዓመት በላይ ወሬ የሚልኩልን።»

«ዐርባ ዓመት? ማንም ሳይሞላቸው?»

«ማንም ሳይሞላቸው።»

አባ ጠብታ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሌላው ሰው ርቀቱን ይደነቅ ይሆናል፤ ነዳጅ ቀጂ ግን የሚደነቀው በዚህ ነው። ያለ ቀጂ፣ ያለ መቅጃ ጎማ፣ ያለ ጠርሙስ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ዐርባ ዓመት!

መምህርቷ ከመደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አወረደች። ግማሽ ሊትር አይሞላም። «የሁለት ሳምንት ድካማችን ነው።»

አባ ጠብታ የራሳቸውን ጠርሙስ ከፎጣው ፈትተው ጥቂት ቀዱበት። አሽከረከሩ። ወደ መስኮቱ አነሱ። ፊታቸው ተለወጠ። እሳቸው የሚያውቁት ነዳጅ የገለባ ቀለም አለው፤ የላምባ ሽታ አለው። ይህ ቀለም የለው፣ ቢያሸቱት ሽታው የለም በሚባል ደረጃ ነው።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ሐዘን። «አታለውሻል። ይህ ውሃ ነው።»

«ነዳጅ ነው አባባ።»

«በዚህ ነገር አንዴ ተታልያለሁ አልኩሽ! ጥርት ያለ፣ ወሰን የሌለው፣ ሙሉ ውሃ! ሰው ያልቃል በዚህ!»

«ቆሻሻው ስለሌለበት ነው የጠራው። ግን እኔን አይመኑ። አለቃዎ ያደረጉትን ያድርጉ።»

ከቧንቧው ሥር ሄዱ። ጣታቸውን ነከሩ። ያ ጣት፣ ሦስት በርሜል የተሸከመው፣ በጠርሙሱ አፍ ላይ ቆየ፤ ጠብታዋ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላ ቆየች። በዚያች ቅጽበት የተንጠለጠለችው ጠብታዋ ብቻ አልነበረችም፤ የአንዲት ልጅ ዕድሜ አብሯት ተንጠልጥሎ ነበር። ጠብታዋ ወደቀች።

አልጠፋችም። ቀስ ብላ፣ ክብ ሆና፣ የመስኮቱን ብርሃን ተሸክማ ወረደችና ከጠርሙሱ ግርጌ ላይ እንደ ዕንቁ ተቀመጠች።

አባ ጠብታ ጠርሙሱን አዘነበሉት፤ ዕንቁዋ ተንከባለለች። ቀና አደረጉት፤ ተመለሰች። «ነዳጁ ወላጁን አላወቀውም» አሉ በመጨረሻ። «ከውሃ ተወልዶ ውሃን ለየ። ጌታዬ ሆይ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ጠላት እያልኩ የደፋሁት የነዳጅ እናት ነበር!»

ነገር ግን አባ ጠብታ በአንድ ዕንቁ የሚገዙ ሰው አልነበሩም። ጠርሙሱን አስቀምጠው ጠየቁ፤ «አመዱስ? ከአቶሙ የሚተርፈው?»

«አደገኛ ነው» አለች ሳትሸፍን። «መጠኑ ጥቂት ነው፤ ግን ከእኛ ዕድሜ፣ ከልጅ ልጆቻችንም ዕድሜ በላይ መጠበቅ አለበት፤ በጥልቅ ዓለት ውስጥ። ምድጃዎቹም አደጋ ደርሶባቸው ያውቃል፤ ሰዎች ከቤታቸው ተነስተዋል። አዲሶቹ ሲጠፉ ራሳቸውን እንዲያቀዘቅዙ ተደርገው እየተነደፉ ነው፤ ቢሆንም ንድፍ ብቻውን አይጠብቅም። ነዳጁም ዛሬ ከከርሰ ምድር ከሚወጣው በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ሥራው ገና ብዙ ነው።»

«ማን ነው ታዲያ የሚጠብቀው?»

«ለብቻው የማይፈርም ሰው። እንደዚያ ያለ ሰው ግን በገበያ አይሸጥም አባባ፤ በቤት ነው የሚያድገው። አንዷን እርስዎ አሳድገው ልከውልኛል፤ ዛሬ መልሰው ሊወስዷት መጡ።»

ይህ ቃል ከጠብታዋም በላይ ገባቸው። የፈሩት አቶሙን ይመስላቸው ነበር፤ ለካስ የሚፈሩት ያንን ብዕር ያነሳ፣ ብቻውን የቆመ፣ የሦስት ወር ቀጂ ኖሯል።

መምህርቷ መዝገብ ገለጠች። «የዛሬው ናሙና አልተዘጋም። እኔ ፈርሜያለሁ፤ "ሁለተኛ ዓይን" የሚለው ባዶ ነው። ባልደረባዬ ምሳ ላይ ነው።»

«ይህን መስመር ማን አስገባው?»

«ልጅዎ። ባለፈው ሳምንት።»

አባ ጠብታ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በፎጣው ጠረጉት፤ ዓይናቸውንም አብረው ጠረጉ። ከዚያ ጠርሙሱን ዳግመኛ ወደ ብርሃን አነሱና፣ «ውሃ አንድ ጠብታ፤ የጨመርኩት እኔ» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ መስኮቱ ተከፍቷል። ጸሐፊዋ «አባት፣ የርስዎ ጉዳይ?» አለች።

«የኔ ጉዳይ ተጠናቋል» አሉና ስልካቸውን አውጥተው ለማደያው አለቃ ደወሉ። ግማሽ ኮሪደር ይሰማቸው ነበር። «ልጅቷ አትመጣም! … አይ፣ አልታመመችም፤ ትማራለች። … ስማኝ አንተ ሰው! አውሮፕላኑ አይለወጥም፣ ታንከሩም፣ የመቅጃ ጎማውም፤ ያንተም ወንበር አይነካም። ነዳጁ ግን ከባሕር ማዶ በመርከብ ተለምኖ አይመጣም፤ ውሃና አየር ያለው፣ መጠንቀቅንም የሚያውቅ አገር ሁሉ በደጁ ይጋግረዋል። ከአየር የወሰደውን ለአየር ይመልሳል፤ ሰማዩን አያጠቁርም። … ከምን? ከውሃ! … እኔ ጤነኛ ነኝ፤ አንተ ቁጭ በል። … ዛሬ ነው ያልኩህ? ዛሬማ ውድ ነው፣ ጠርሙስ አይሞላም። እኛ አንደርስበት ይሆናል፤ ልጆቻችን ይደርሱበታል።»

ስልኩን ሲዘጉ ልጃቸው ደረጃው ላይ ቆማለች። ከክፍል ወጥታ እየሮጠች ነው የመጣችው፤ ከኪሳቸው ጫፉ የወጣውን ፖስታ እያየች ትንፋሿ ተቆራረጠ።

«አባዬ… ማኅተሙን አስመታኸው?»

አባ ጠብታ ፖስታውን አውጥተው ለሁለት ቀደዱት። ከዚያ ጠርሙሱን፣ ዕንቁዋ ከግርጌው እንዳለች፣ በሁለት እጃቸው አቀበሏት። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ረጅም ንግግራቸው ይህ ነበር፦

«ከምድር ቢወጣም፣ ከውሃ ቢወለድም፣ አቶም ቢጋግረውም፣ ሳታዪው አይሞላም። ብቻሽንም አይፈረምም። በይ ግቢ፤ መምህርትሽ ቁልፏን ደግሞ በሩ ላይ ረስታዋለች።»